ሳይሠራ የሚበላው ማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

በአሁኑ ጊዜ በተማሪው ዘንድ ከፈተናና ከምግብ ቤት ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ጉዳይ ቢኖር በላፕቶፕ ላይ የሚጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አንደኛው ወገን «ሊኑክስ አስጭን፤ ባትሪህ እጥፍ ይቆይልሃል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ዊንዶውስን ያወለቀ ሰው ባትሪውን በገዛ እጁ ይገድላል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም በሙሉ ልብ ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን ሰዓት ይዞ፣ ለክቶ የተናገረ ሰው ከሁለቱም ወገን እምብዛም አልሰማንም። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ያለንን አቋም በዚህች መጽሔት መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጉዳዩ የወጣቶች ጨዋታ መስሎ የሚታያቸው መምህራን ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን አናምንም። ላፕቶፕ ዛሬ ለተማሪው ደብተሩም፣ መጽሐፉም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ነው። ብዙዎቻችን የያዝነውም ቤተሰብ እህል ወይም ከብት ሸጦ የገዛልን፣ ከእኛ በፊት ሌላ ሰው የተገለገለበት አሮጌ ዕቃ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሶ የሚያድረው ተማሪና ሥራው ከመሃል የሚቋረጥበት ተማሪ የሚለያዩት አንዳንድ ጊዜ በትጋት ሳይሆን በባትሪ ነው። ባለጸጋው ጄኔሬተር አለው፤ ድሀው ያለው ባትሪው ብቻ ነው።

በተለይ በፓዌ ለምንገኝ ተማሪዎች ነገሩ ሌላም ትርጉም አለው። ከጣና ሐይቅ በዋሻ ተስቦ የሚመጣው ውሃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የጣና በለስን ጣቢያ ካንቀሳቀሰ በኋላ በበለስ ወንዝ አድርጎ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ጣቢያው የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የሚገኘው በዚሁ በመተከል ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ የኃይል ጎረቤት መካከል ተቀምጦ በጨለማ ባትሪውን የሚቈጥር ተማሪ ቢገኝ፣ አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሉት ደረሰ ማለት ነው። ይህን የምንለው ለማማረር አይደለም። ኃይል ማመንጨትና የመነጨውን ኃይል በቁጥር እስከሚጠሩት መንደሮቻችን ድረስ ሳያቋርጥ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እናውቃለን። የሽቦው ጉዳይ የመንግሥት ሥራ ነው። በእጃችን የገባውን ኃይል ማን እንደሚበላው መመርመር ግን የእኛው የተማሪዎቹ ሥራ ነው።

ክርክሩን ያባባሰው አንድ ተጨባጭ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለግለሰቦች በምዝገባ የፈቀደውም ተጨማሪ ጊዜ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በመሠረቱ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የቆየ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ የደኅንነት ጥገናው በሚቋረጥበት ሲስተም ላይ መቆየት፣ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት፣ ወይም ወደ ሊኑክስ መሻገር የሚሉ ሦስት መንገዶች ተደቅነውበታል። አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን ላም አለኝ በሰማይ ነው። እንግዲህ የቀረውን ምርጫ በወሬ ሳይሆን በዕውቀት ማድረግ ይኖርብናል።

በመጀመሪያ ባትሪ የሚለካበትን ስፍር እንመልከት። የባትሪ ይዞታ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 8 ዋት ለሚወስድ ላፕቶፕ 6 ሰዓት ይበቃል፤ 16 ዋት ለሚወስደው ግን 3 ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው አርጅቶ ይዞታው በግማሽ ቢወርድና 24 ዋት ሰዓት ቢቀረው፣ 8 ዋት የሚወስደው ላፕቶፕ 3 ሰዓት፣ 12 ዋት የሚወስደው 2 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ከዚህ ቀላል ሒሳብ የምንረዳው በአሮጌ ባትሪ ላይ 4 ዋት ማባከን አንድ ሙሉ የጥናት ሰዓት ማጣት መሆኑን ነው።

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው በምን በኩል ነው? ስክሪኑ ከኃይሉ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ ነገር ግን ብርሃኑ እኩል ከሆነ ስክሪን በዊንዶውስም በሊኑክስም ያው ስክሪን ነው። ፕሮሰሰሩም ከባድ ስሌት በሚሠራበት ጊዜ የሚወስደው ኃይል በሁለቱም ዘንድ የሚቀራረብ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚታየው ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሳይሆን ሥራ በሌለው ጊዜ ነው። ተማሪ አንድ ገጽ ሲያነብ ፕሮሰሰሩ ከአንድ ቁልፍ መነካት እስከ ሌላው ድረስ የሚሠራው ነገር የለውም። በዚያ አጭር ፋታ ውስጥ ክፍሎቹን እያጠፋ ወደ እንቅልፍ ይገባል፤ እንቅልፉ በጠለቀ ቁጥር የሚወስደው ኃይል ያንሳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንግዲህ የቤቱ መጋቢ ነው። ጥሩ መጋቢ ሥራ የሌለውን ያስተኛል፤ መጥፎ መጋቢ ግን በየደቂቃው በር እያንኳኳ ቤተ ሰቡን ሁሉ ሲቀሰቅስ ያድራል። ባትሪያችንን በከንቱ የሚጨርሰው ይህ ሳይሠራ የሚበላው ነው።

ይህን ጉዳይ የሠሪዎቹ መሐንዲሶችም በየጊዜው ሲታገሉት ኖረዋል። ቀድሞ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሥራ ኖረም አልኖረም ፕሮሰሰሩን በየሴኮንዱ ብዙ መቶ ጊዜ ይቀሰቅሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ከሌለ ቅስቀሳው እንዲቀር የሚያደርግ አሠራር ገባለት። በዚያው ዓመት ኢንቴል ፓወርቶፕ የሚባለውን መርማሪ ፕሮግራም አወጣ፤ ይህም ፕሮሰሰሩን ሳያስፈልግ የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም በስሙ እየጠራ የሚያጋልጥ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የተበታተኑትን ቅስቀሳዎች በአንድ ላይ የሚሰበስብ ዘዴ ይዞ መጣ፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2013 በማክ ሲስተሙ ላይ ተመሳሳዩን አደረገ። ስለዚህ ኃይል መቈጠብ የአንድ ወገን ርስት አይደለም። ሁሉም ከሁሉም ተምረዋል።

በስም ብቻ ለሚከራከሩት አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.38 በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከቀዳሚው የበለጠ ኃይል መብላት ጀመረ። ምክንያቱ ሲመረመር ፕሮሰሰሩን ከዋይፋይና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው መስመር ሥራ ሲፈታ የሚተኛበት አሠራር በአንዳንድ ማሽኖች ላይ መጥፋቱ ታወቀ። ጥፋቱ የታረመውም የማሽኑን የመነሻ መመሪያ በሚመለከት የዊንዶውስ ልማድ ከተጠና በኋላ ሲሆን፣ እርማቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ከርነል 3.3 ውስጥ ገባ። ያው ሊኑክስ፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ባትሪ፤ የተለወጠው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበር። እንግዲህ «ሊኑክስ ይቈጥባል» ወይም «ሊኑክስ ያባክናል» ብሎ መናገር የትኛው ሊኑክስ፣ በየትኛው ማሽን ላይ ካልተባለ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በተማሪው እጅ ያለው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት እንዳወጣው ያለ ዊንዶውስ አይደለም። ሲከፈት አብረው የሚነሡ ዐሥር ፕሮግራሞች አሉበት፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት የቫይረስ መከላከያ ተጭኖ እርስ በርሱ ሲፈታተሽ ይውላል፤ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው የተሰበረ ነው። እንዲህ ያለው የተሰበረ ቅጂ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ሰው ጥቅም ሌት ተቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ደብቆ ሊመጣ ይችላል። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ አራግፎ ንጹሕ ሊኑክስ ሲያስጭን ባትሪው ቢረዝምለት፣ ድሉ የሊኑክስ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ግማሹ ድል የመጽዳቱ ነው፤ ዊንዶውሱንም እንደ አዲስ ቢያስጭነው ከትርፉ የተወሰነውን ያገኘው ነበር።

ሊኑክስም በበኩሉ ጉድለት የለበትም አንልም። ላፕቶፕ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚያስተካክሉትና የሚፈትኑት በመጀመሪያ ለዊንዶውስ ነው። ተጨማሪ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሲጫንበት ተገቢው ድራይቨር ካልተደረገለት፣ ካርዱ ያለ ሥራ እንደ በራ ሊውልና ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል። በትምህርት ቪዲዮ ረገድም እንዲሁ ነው። ቪዲዮን ለመፍታት በማሽኑ ውስጥ የተለየ ክፍል አለ፤ ሲስተሙ ይህን ክፍል ካልተጠቀመበት ሥራው በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ማሽኑ ይግላል። በሊኑክስ ላይ ፋየርፎክስ ይህን ክፍል በኢንቴል ግራፊክስ ላይ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 115ኛ ዕትሙ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ሲነበብ ሊኑክስ የሚረታበት ያው ላፕቶፕ፣ ቪዲዮ ሲታይበት ዊንዶውስ ሊረታበት ይችላል።

ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የማስገባቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች በዊንዶውስ ሲዘጉ እንደ ስልክ ግማሽ ነቅተው ነው የሚተኙት፤ መልእክት ይቀበላሉ፣ ማሻሻያም ሊያወርዱ ይሞክራሉ። ጧት ሞልቶ የተዘጋው ላፕቶፕ ከሰዓት በኋላ ከቦርሳ ሲወጣ ግሎና ባትሪው ወርዶ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በሊኑክስም ቢሆን እንቅልፉ በትክክል የማይሠራላቸው ማሽኖች አሉ። መድኃኒቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ላፕቶፑን ለረጅም ጊዜ የምንዘጋው ከሆነ ጨርሶ ማጥፋት ወይም ሃይበርኔት የሚባለውን መጠቀም ነው።

ሲስተምና ማሽን ተጣጥመው ሲሠሩ ምን ሊገኝ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ወደ ሀገራችን ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሺህ የሚሆኑ፣ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ድርጅት የተነደፉ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ገብተው ነበር። እነዚህ ኤክስኦ የተባሉት ማሽኖች በሊኑክስ የሚሠሩና የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሳቸው መንደሮች ጭምር ታስበው የተሠሩ ነበሩ። ስክሪናቸው በፀሐይ ብርሃን ያለ ውስጥ መብራት ይነበባል፤ ልጁ ገጹን ሲያነብም ጽሑፉ ከፊቱ ሳይጠፋ ፕሮሰሰሩ ሊተኛ ይችላል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች አድሎ ነበር። የእነዚህ ሥራዎች የትምህርት ውጤት ሌላ ክርክር ነው። ስለ ባትሪ ግን የሚያስተምሩን ግልጽ ነው፦ ቍጠባው የመጣው ሊኑክስ ከሚለው ስም ሳይሆን፣ ማሽኑና ሲስተሙ አንዱ ለሌላው ታስቦ ከመሠራቱ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በራሱ ፕሮሰሰር በሚሠራቸው ማኮች ላይ ያገኘውም ረጅም የባትሪ ጊዜ ይህንኑ ያረጋግጣል።

የፓዌን ሙቀትም ልንረሳው አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ፓዌ በበጋ ሙቀቷ በቀላሉ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ይልቁንም እስከ 100 በመቶ ተሞልቶ በግለት ውስጥ የሚውል ባትሪ ቶሎ ያረጃል፣ ያረጀውም አይመለስም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ያለ ሥራ የሚያግል ሲስተም የሚወስድብን የዛሬውን ምሽት ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ዓመት ባትሪ ጭምር ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች መሙላታቸውን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆሙ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ በዊንዶውስ ይህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በፋብሪካው ፕሮግራም ሲሆን፣ በሊኑክስ ደግሞ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ቲኤልፒ በሚባለው ፕሮግራም ነው። መብራት እንደሚጠፋ በሚጠበቅበት ቀን ሙሉውን መሙላት፣ በሌላው ቀን 80 ላይ ማቆም ብልኅነት ነው።

እንግዲህ አቋማችን ምንድን ነው? የአንዱም ሲስተም ወገን አይደለንም። ወገንተኝነታችን ለሚዛን ነው። እህል ሳይሰፈር እንደማይሸመት ሁሉ፣ ሲስተምም ሳይለካ መለወጥ የለበትም። ልኬቱም ከባድ አይደለም። የስክሪኑን ብርሃን እኩል አድርጎ፣ ዋይፋዩን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ትቶ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከፍቶ፣ ባትሪው ከ90 በመቶ ወደ 40 በመቶ እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ነው። ይህንኑ በሌላው ሲስተም ደግሞ ማድረግ፤ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ መድገም። ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ ፍላሹ ራሱ ጥቂት ኃይል እንደሚወስድ ግን መዘንጋት አይገባም። ዊንዶውስም ቢሆን ፓወርሲኤፍጂ በሚባለው ትእዛዝ ሲጠየቅ የባትሪውን ታሪክ፣ አዲስ ሳለ የነበረውንና ዛሬ የቀረውን ይዞታ ጽፎ ይሰጣል። ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዶ ከተገኘ፣ ሲስተም መለወጥ ብቻውን የሚያድነው አይደለም።

ሳይለካ የሚቸኩል ወንድማችንን ወይም እኅታችንን ግን አስቀድመን እናስጠነቅቃለን። የመመረቂያ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ሳይገለብጥ ዲስኩን ያስፎረመተ ተማሪ፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴትዮ ነው የሚሆነው። አንድ ሰዓት የባትሪ ጊዜ ለማትረፍ የአንድ ዓመት ሥራ አይሰጥም።

ለመምህሮቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው ጥያቄ አለ። አንድ የቤት ሥራ በአንድ ሲስተም ላይ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ የተማሪው ምርጫ ከመጀመሩ በፊት አለቀ ማለት ነው። የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ካርታ እንዲሠራ ሲጠየቅ የዴስክቶፑ አርክጂአይኤስ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪውጂአይኤስ ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ለስታቲስቲክስም አር የሚባለው ፕሮግራም እንዲሁ ነው። ትምህርቱ ካርታ መሥራት ከሆነ ፈተናው በካርታው ላይ እንጂ በፕሮግራሙ ስም ላይ መሆን የለበትም። የግድ የአንዱ ሲስተም ፕሮግራም የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተዘጋጅቶ ለሁሉም በእኩል ይሰጥ። ጽሑፍም በፒዲኤፍ ቢቀርብ ማንንም አይጎዳም።

ለማኅበራችን አባሎች የምናቀርበው ሐሳብ በተግባር የሚፈጸም ነው። የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉ ወንድሞችና እኅቶች በየመንፈቁ አንድ ቅዳሜን ለዚህ ሥራ ይስጡ። የተማሪው ላፕቶፕ ሁሉ ይለካ፤ የላፕቶፑ ዓይነት፣ የባትሪው ይዞታ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ የቆየበት ጊዜ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ያ መዝገብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ተማሪ ከመቶ ክርክር የበለጠ ይጠቅመዋል። ያ ተማሪ አሮጌ ላፕቶፕ ሊገዛ ገበያ ሲወጣም የትኛው ማሽን በየትኛው ሲስተም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ዐውቆ ይወጣል፤ የሻጭ ቃል ብቻ አይዞ አይመለስም።

የኢትዮጵያ ገበሬ ከአፉ ቀንሶ ያስተማረን እኛ፣ ማሽኖቻችን ሳይሠሩ ሲበሉ ዝም ብለን ልናይ አይገባንም። ሳይሠራ የሚበላውን በስሙ ለመጥራት የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት፣ አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት ነው። እነዚህ ደግሞ በሁላችንም እጅ አሉ።